አራት ዳይመንድ ያለው አጋር

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ ነገር ከመርካቶ ተነሥቶ ባሕር የሚሻገር ነውና ጊዜ ይፈልጋል። የነሐሴ ዝናብ ቆም ብሎ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጠብታው ብቻ ሲቀር፣ አውቶቡስ ተራ ወርዳችሁ፣ ጭቃውን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለላችሁ፣ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ከነሸክሙ ለሚያልፈው ወዛደር መንገድ እየለቀቃችሁ፣ ሸማ ተራ ደረሳችሁ እንበል። ከእናንተ ጋር የአክስታችሁ ልጅ አለ። የመጣችሁት ለእናታችሁ ነጠላ ልትገዙ ነው። ነጋዴው ነጠላውን ይዘረጋል፣ እናንተም ጥለቱን ታገላብጣላችሁ፣ ከዚያ እሱ ዋጋ ይጠራል፣ ከዚያ እናንተ ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ እሱ ጥቂት ይወርዳል፣ እናንተም ጥቂት ትወጣላችሁ፣ እና ልትስማሙ አንዲት ቃል ስትቀራችሁ የአክስታችሁ ልጅ ድንገት፣ «አክስቴ እኮ አረንጓዴ ጥለት አትወድም» ይላችኋል።

እናታችሁ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከአረንጓዴ ጥለት ሌላ ለብሳ አታውቅም።

«አበድህ እንዴ፣ ትወዳለች እንጂ!» ብትሉት ሥራው ሁሉ እዚያው ፈረሰ። አስተዋይ ሰው ግን ዝም ይልና በልቡ እንዲህ ይጠይቃል፦ ይህ ልጅ እናቴን ያውቃል፤ የተናገረው እውነት አለመሆኑን እኔ እንደማውቅም ያውቃል፤ ታዲያ በዚች ሰዓት ይህን ቃል መርጦ የተናገረው ምን አይቶ ነው? ከዚያም ቀስ ብሎ ነጠላውን ያስቀምጥና፣ «እውነትህን ነው» ብሎ ይወጣል። በሩን አልፈው ጥቂት እንደሄዱም ልጁ ጠጋ ብሎ፣ ሸማው መሀሉ ላይ ሳስቶ ማየቱን፣ ወይም ያው ነጠላ ማዶ ባለው ሱቅ በርካሽ መሰቀሉን ይነግረዋል።

ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ይህችን ጥያቄ ዋና ሥራው አድርጎ የያዘ ነው። አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊት የተያዩት ሁለት ሁለቱ አጋሮች ናቸው፤ 52ቱ ካርታ ለየሰው 13 13 ሆኖ ይታደላል፤ ከዚያም አንድም ካርታ ሳይጣል በፊት ጨረታ ይከፈታል። እያንዳንዱ በተራው፣ እኛ ሁለታችን ከ13ቱ ዙር ይህን ያህል እንበላለን፣ ይኸኛው ዓይነት ካርታም በሌሎቹ ላይ የበላይ ይሁን ብሎ ይጠራል። ስድስቱ ዙር ሳይነገር የታወቀ ነውና «አንድ» ያለ ሰባት ዙር ቃል ገባ፣ «ስድስት» ያለ ደግሞ 12። የመጨረሻው ጥሪ ውል ይሆናል፤ ውሉን ያላሟላ ይቀጣል።

ይህ ጨዋታ ዛሬ የምናውቀውን መልኩን ያገኘው በመርከብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሃሮልድ ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ «ፊንላንድ» በምትባል መርከብ ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በፓናማ ቦይ በኩል ወደ ሃቫና ይጓዝ ነበር፤ መርከቢቱም በጥቅምት መጨረሻ ባልቦአ ወደብ ስትደርስ መሽቶባት ቦዩን ማለፍ አልቻለችም፣ ተሳፋሪውም ወደ የብስ ሳይወርድ እዚያው አደረ፣ እና በዚያ በሞቃት የፓናማ ሌሊት ቫንደርቢልት ከባልንጀሮቹ ጋር ካርታ ሲጫወት ሲያስብበት የቆየውን አዲስ የነጥብ ሥርዓት ለመሞከር በቃ። በእሱ ሥርዓት በጨረታው ቃል ያልገባችሁበት ዙር፣ ብትበሉትም እንኳ፣ ለትልቁ ሽልማት አይታሰብላችሁም። ከዚያች ጉዞ በኋላ የአጋርን ጥሪ በትክክል መረዳት የጨዋታው ነፍስ ሆነ፤ መድረስ የሚቻለውን ሳይጠራ የቀረ ሰው ካርታው መልካም ስለነበረ ብቻ ትልቁን ሽልማት አያገኝምና።

አስቸጋሪነቱን ልንገራችሁ። አንድ ሰው እጅ ሊገባ የሚችለው የ13 ካርታ ስብስብ 635,013,559,600 ዓይነት ነው። አጋር ለአጋሩ የሚናገርበት ቃል ደግሞ በጠቅላላው 38 ነው። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ቁጥሮች ከስፔድ፣ ከልብ፣ ከዳይመንድ፣ ከአበባና «ያለ የበላይ» ከሚባለው ጋር ሲጣመሩ 35 ይሆናሉ፤ ፓስ፣ እጥፍና የእጥፍ እጥፍ ሲታከሉ 38። ከ600 ቢሊዮን የሚበልጥ ምስጢር በ38 ቃል ለመናገር የተቀመጠ ሰው፣ አንዳንዴ እንግዳ ቃል ከአፉ ቢወጣ ልንፈርድበት አይገባም።

አሁን ወንበሩ ላይ እናንተን ላስቀምጣችሁ። እጃችሁ ላይ አምስት ስፔድ አለ፣ አስና ንጉሡ ከነሱ ጋር፤ ከልብ አስና አንድ ትንሽ፤ ከአበባ ንጉሥ፣ ንግሥትና አንድ ትንሽ፤ ከዳይመንድ ግን ሦስት የማይረቡ ትንንሾች። እናንተ «አንድ ስፔድ» ብላችሁ ከፈታችሁ። በቀኝም በግራም ያሉት ተቃራኒዎች ዝም ብለዋል። አጋራችሁ ግን ካርታውን ትኩር ብሎ አየና «አራት ዳይመንድ» አለ።

ደነገጣችሁ። ዳይመንድ ማን ጠየቀው? ጀማሪ እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንዱ፣ አጋሬ ዳይመንድ በዳይመንድ ሆኖ ነው ብሎ ፓስ ይልና ጥሪው እዚያው ይሞታል፤ ሌላው፣ ይህ ሰው ጨዋታ አያውቅም ብሎ በልቡ ይሰድበውና የራሱን መንገድ ይሄዳል። የሚያስተውለው ግን እንደዚያ እንደ ሸማ ተራው ሰው ያልተነገረውን ይቆጥራል። አጋሬ ብዙ ዳይመንድ ቢኖረው «ሁለት ዳይመንድ» ማለት በርካሽ ነበረለት፤ ለምን ሁለትን ዘለለ? ሦስትንስ ለምን ዘለለ? የእኔን ስፔድ ባይወደው ኖሮ፣ የምንስማማበት ዓይነት ሳይታወቅ እስከ አራት ድረስ በጨለማ አይወስደኝም ነበር። እንግዲህ ስፔዴን ወዶታል። ስፔዴን ከወደደ ደግሞ በቀጥታ «አራት ስፔድ» ማለት ሲችል በዳይመንድ በኩል የዞረው ስለ ዳይመንድ አንድ ነገር ሊነግረኝ ነው፤ ያም ነገር ብዛት ካልሆነ እጥረት ነው። ዳይመንድ አንድ ብቻ አለው፣ ወይም ጭራሽ የለውም።

የአጋራችሁን እጅ ገልጠን ብናየው አራት ስፔድ ከነንግሥቷ፣ ንጉሥና ንግሥት ያሉበት አራት ልብ፣ አስ ያለበት አራት አበባ፣ ዳይመንድ ግን አንዲት ስድስት ናት። የእናንተ ሦስት የማይረቡ ዳይመንዶች ባዶ ስፍራው ላይ ወደቁ፤ አንዱን ዙር ተቃራኒዎቹ ይበላሉ፣ የቀረውን ሁሉ እናንተ። 12 ዙር ነው፣ «ስድስት ስፔድ» ነው። ፓስ ብላችሁ ቢሆን ግን በሁለታችሁ መካከል አራት ብቻ ባላችሁ ዳይመንድ፣ ተቃራኒዎቻችሁ ዘጠኙን ይዘውባችሁ፣ ያን የመሰለ እጅ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ይህችን ጥሪ ለዓለም ካበረከቱት ሰዎች አንዷ ዶሮቲ ሃይደን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ዴቪድ ክሊፍ የሚባል ሌላ ሰውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለብቻው አግኝቷታል። የሴትየዋን ስም ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አጋርን አለማመን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የኒው ዮርክ ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ኢሊ ከልበርትሰን በአንድ ወገን፣ ሲድኒ ሌንዝ በሌላ ወገን ሆነው ቻተም በተባለው ሆቴል 150 ግጥሚያ ሊጫወቱ ተቀመጡ፤ ከተማው በሥራ አጥነት ተቆራምዶ ሳለ ጋዜጦች በየቀኑ ይህንኑ ይጽፉ ነበር። ሌንዝ ሸምገል ያለ የተከበረ ተጫዋች ነው፤ አጋሩ ኦስዋልድ ጃኮቢ ወጣትና ደፋር ነው። ጃኮቢ ተቃራኒን ለማደናገር የሌለውን እንዳለው አድርጎ መጥራት ይወድ ነበርና ሌንዝ የጥሪውን እውነትና ማታለያ መለየት ቸገረው፤ ወቀሳውም በጠረጴዛው ላይ በሰው ፊት ሆነ። 103 ግጥሚያ ካለፈ በኋላ ጃኮቢ ጥሎ ሄደ። ሌንዝ ሌላ አጋር አስቀምጦ ጨረሰ፣ በ8,980 ነጥብም ተሸነፈ። እኔ በዚህ ነገር ሁለቱንም እወቅሳለሁ። አጋሩ የማይረዳውን ቃል ደጋግሞ የሚናገር ሰው አጋሩን አስቀድሞ ትቶታል፤ በሰው ፊት የሚወቅስም የሚቀጥለውን ጥሪ ገና ሳይሰማው አበላሽቶታል።

እስካሁን መርካቶና ብሪጅ አብረው ሄደዋል። እዚህ ላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የአክስታችሁ ልጅ የተናገረውን ነጋዴው እንዳይረዳ ትፈልጋላችሁ፤ ክንዳችሁን ቆንጠጥ ቢያደርግ፣ ዓይኑን ቢጠቅስ ነውር የለበትም። በምሥራቁ የአገራችን የከብት ገበያም ሻጭና ገዥ እጅ ለእጅ ተያይዘው በጨርቅ ሥር በጣት ዋጋ ይነጋገራሉ፣ ዙሪያው የቆመው ግን አይሰማም። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ደግሞ ጨዋታው በጫጫታ የታጀበ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ያየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከበው የተቀመጡት ሁሉ በጨዋታው ሐሳብ ይሰጡ እንደነበር ጽፏል። ብሪጅ ግን በጨረታው ለአጋር ከ38ቱ ቃል በቀር ምንም አይፈቅድም። ቅንድብ ማንሣት፣ መተንፈስ፣ ለረጅም ጊዜ ማመንታት እንኳ ለአጋር መልእክት ሊሆን አይገባም። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ተቃራኒያችሁ አጋራችሁ ስለጠራው ጥሪ «ይህ በእናንተ ስምምነት ምን ማለት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፣ እናንተም የምታውቁትን በእውነት መናገር ግዴታችሁ ነው። የሁለት ሰዎች ቋንቋ ነው፣ ግን ምስጢር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1965 በቦነስ አይረስ የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ በዚያ ዓመት ለአሜሪካ የሚጫወተው ጄይ ቤከር የእንግሊዞቹን የቴረንስ ሪስንና የቦሪስ ሻፒሮን እጅ አየ፤ ካርታቸውን የሚይዙበት የጣት ብዛት ከጥሪ ጥሪ ይለዋወጣል። ለአጋሩ ነገራት፤ አጋሩም ያቺው ዶሮቲ ሃይደን ነበረች። የጋዜጣ ጸሐፊው አለን ትራስኮትም ተነገረው፤ ተቀምጠው አዩ፣ ጻፉ፣ አነጻጸሩ፣ እና የጣቶቹ ብዛት በእጃቸው ያለውን የልብ ካርታ ብዛት ይናገራል አሉ። ሁለቱ ሰዎች ካዱ። የእንግሊዝ ቡድን አለቃ ራልፍ ስዊመር ግን ቡድኑ ያሸነፈውን ጭምር ለተቃራኒ ለቀቀ፤ የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኞች ናቸው አለ፤ በ1966 ደግሞ በአገራቸው በሰር ጆን ፎስተር የተመራው ምርመራ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ነጻ አላቸው። ሁለቱም በአደባባይ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደካዱ ኖሩ።

ዶሮቲ በኋላ ትራስኮትን አገባች። በእንግዳ ጥሪ እጥረቷን ለአጋሯ የምታስረዳበትን መንገድ ያገኘችው ሴት፣ በጣት የሚነገረውን ቋንቋ ካጋለጡት አንዷ መሆኗን ሳስብ ነገሩ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። በቃል መናገርን ያከበረ ሰው በጣት መናገርን አይታገሥም።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ቤርሙዳ ላይ በተደረገው ሻምፒዮና ጠረጴዛው መሀል መጋረጃ ተተከለ፤ አጋር የአጋሩን ፊት እንዳያይ። በዚያው ውድድር ሁለት ጣሊያኖች በጠረጴዛው ሥር እግር ለእግር ሲነካኩ ታዩና ተወቀሱ፤ ከዚያ ወዲህ የጠረጴዛው ሥርም ተከለለ። አጋርን በፊቱ ሳይሆን በቃሉ ብቻ ማንበብ ሕግ ሆነ።

እዚህ እኛ ዘንድ ካርታ ሲባል ቁማር ትዝ የሚለን ብዙ ነን፤ እናቶችም ልጃቸው ካርታ ይዞ ሲያዩ የሚከፋቸው በከንቱ አይደለም፣ በካርታ የደሞዝ ገንዘብ ጠፍቷልና። ብሪጅ ግን ሳንቲም አይፈልግም። ስለዚህ እናንተ አድማጮቼ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባም ከራጉኤል በታችም ከሥራ በኋላ አራት ሆናችሁ የምትቀመጡ፣ አንዲት ጥቅል ካርታ ግዙና ያለ ገንዘብ ሞክሩት። ከመታደሉ በፊት ግን ከአጋራችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ «አራት ዳይመንድ» ምን ማለት እንደሆነ ተስማሙ፣ ተቃራኒዎቻችሁም እየሰሙ ይሁን።