ለውሻ የሚሰጠው ሳንባና የአይስላንድ ትምህርት

ውሻ ባለበት ቤት ያደጋችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሥጋ ሲገዛ «ለውሻው» ተብሎ ሳንባ ለብቻው ይቋጠራል፤ ሰው ብዙም ስለማይበላው ርካሽ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮችም በዓል ደርሶ ለቅርጫ በሬ ሲታረድ ውሾች ደጅ ላይ ተሰብስበው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ታዲያ ይሄ ቁራጭ ሳንባ በሕክምና ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ እንዳለው ታውቃላችሁ?

በጥንቷ ግሪክ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ ውሃ ስለሞላበት ጉበት ተጠቅሷል። በከብትና በበግ ሳንባ ወይም ጉበት ላይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታይ ነበር። ከየት እንደሚመጣ ግን ለብዙ ዘመን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ተመራማሪ ካርል ቴዎዶር ፎን ዚቦልድ አንድ ቀላል ሙከራ ሠራ፤ ከረጢቱን ለውሾች አበላ። በኋላ አንጀታቸውን ሲመረምር ደቃቅ ትሎች አገኘ።

ትሉ የኮሶ ዘመድ ነው። ግን በሰው አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝመውን ኮሶ አታስቡ፤ ይሄኛው ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ስሙ ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ነው።

እንደ መሐንዲስ ሳየው ነገሩ አንድ ዙር ነው። ውሻው ከረጢት ያለበትን ጥሬ ሳንባ ይበላል። ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከብቱ ሣር ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ ሳንባው ላይም ከረጢት ይበቅላል። ከብቱ ሲታረድ ሳንባው ወደ ውሻው ይመለሳል። ሰው ወደ ዙሩ የሚገባው ውሻ ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ወይም ያልታጠበ አትክልት ሲበላ ነው። ልብ በሉ፤ ይሄ በሽታ የሚይዘን ሳንባውን በመንካት ሳይሆን ሳንባውን ከበላው ውሻ ነው። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያለው ከረጢት ግን ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በልጅነት የገባ እንቁላል በጉልምስና ለቀዶ ሕክምና ሊዳርግ ይችላል።

ዙሩን መቁረጥ እንደሚቻል ያሳየችው አይስላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1863 ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራቤ እዚያ ሄዶ 100 ውሾችን መረመረ፤ ትሉን በ28ቱ ውስጥ አገኘ። በዓመቱ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ለሕዝቡ በነጻ ታደለ። መልእክቱ የታመመ የሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥ የሚል ነበር። ቀጥሎ ሕጎች ወጡ። ያኔ ሰውን የሚያድን ኪኒን አልነበረም፤ ቢሆንም በሽታው እየቀነሰ ሄዶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ጠፋ።

እኛስ? በ1949 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ቄራ ከጎፋ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ባሉ ቄራዎች የሥጋ ምርመራ ባለሙያዎች ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለይተው ያስወግዳሉ። በአገራችን ቄራዎች የተደረጉ ጥናቶችም ከረጢቱ በከብት ላይ በብዛት የሚገኘው ሳንባ ውስጥ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ደግሞ በሽታው በሰዎችም ላይ ተመዝግቧል። ግቢ ውስጥ በሚታረድ የቅርጫ በሬ ላይ ግን መርማሪ የለም። ሳንባውን አይቶ የሚወስነው ቢላ የያዘው ሰው ነው።

ስለዚህ ዙሩን እናንተ ልትቆርጡት ትችላላችሁ። ከረጢት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ጤነኛ የሚመስለውንም ቆራርጣችሁ ውሃው ከፈላ በኋላ ለ30 ደቂቃ ቀቅሉት። ቢላውና ድስቱ የውሻው ብቻ ይሁኑ። ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያም ሊይዝ ይችላል፤ በፋብሪካ የተዘጋጀ ደረቅ የውሻ ምግብም ቢሆን አንዳንዴ ይገኝበታል። ስለዚህ የውሻ ምግብ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የትል መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪም በሚነግራችሁ ጊዜ ስጡት።

ለመጪው በዓል ቅርጫ ስትካፈሉ፣ ሳንባው ውሻው ጋ ከመድረሱ በፊት በድስት ይለፍ።