ከወንበር ላይ የተሳበ ቀስት

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆመን አትሌት ያልተቀበልን ማን አለን? አበባውን፣ ጭብጨባውን፣ ክፍት መኪናውን እናውቀዋለን። ስለ አበበ ቢቂላም ስናወራ ያው ነው፤ ሮም በባዶ እግር 1952፣ ቶኪዮ 1957፣ ከዚያ በኋላ ዝም። ቀስቱን የሚያነሣው የለም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ አላነሣነውም።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ በቮልስዋገኑ አደጋ ደረሰበት። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደና ስምንት ወር ታከመ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። በኋላ እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን ቀሩ።

ያ ሆስፒታል እንዲያው ሆስፒታል ብቻ አይደለም። ከናዚ ጀርመን የሸሸው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 አካል ጉዳተኞችን በግቢው ውስጥ በቀስት አወዳድሯል። የፓራሊምፒክ መነሻ ይኸው ነው። ለምን ቀስት ቢባል፣ ቀስት የሚሳበው በጀርባና በትከሻ ነዋ! እግር አይጠይቅም።

እግር አይጠይቅም ስንል ግን ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ቆሞ የሚወረውር ሰው ሚዛኑ ሲዛባ በዳሌውና በእግሩ ያቃናዋል። የተቀመጠው ምን ያድርግ? አንዱ ክንድ ደጋኑን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ሌላው አውታሩን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ወገብ ካልታዘዘ አካሉ ሁሉ ይንጋደዳል። (ደጋን ያልነው ያው ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን ነው፤ ቃሉ አንድ ነው።) አውታሩ ሁልጊዜ አገጭ ሥር ከአንድ ቦታ ማረፍ አለበት፤ እዚህ በጣት ስፋት የተሳተ፣ ዒላማው ዘንድ ሲደርስ ከክንድ ያልፋል። ጣት አውታሩን አይነጭም፤ ላላ ሲል ፍላጻው ራሱ ይሄዳል። ከሄደም በኋላ ደጋን የያዘው እጅ አይወርድም። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የት እንዳረፈ ለማየት ይቸኩላል።

አሁን የአበበን ሩጫ በፊልም ያያችሁ አስታውሱ። ራሱ አይናወጥም፣ ትከሻው አይነሣም፣ ፊቱ ምንም አይናገርም። ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ሲያበቃ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ እርጋታ ነው ከእግሩ ወደ ክንዱ የተሻገረው። ሊሻገር የሚችለውም እሱ ብቻ ነበር።

በ1962 ክረምት በስቶክ ማንደቪል የዊልቸር ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ኖርዌይ በእንግድነት ቢጠራ እዚያም ቀስቱን ሳበ፤ ጭራሽ በበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ 41 ዓመቱ ነበር።

ይህን ስንወያይ በክራንች የሚሄደው ጓደኛችን፣ «የእናንተ አበበ የሮሙ ነው፤ የእኔ ይኸኛው ነው» አለን። መልስ አጣን። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው የሮሙን ፎቶግራፍ ነበር፤ ባለቀስቱን ከጎኑ ልንሰቅል ተስማምተናል።