የመኖሪያ ቤት የፀሐይ ኃይል መሣሪያ፦ ወጪውና ጥቅሙ ሲመዘን

ኢትዮጵያ በምድር ወገብ አቅራቢያ የምትገኝ በመሆኗ ከፍተኛ የፀሐይ ብርሃን ከሚያገኙ አገሮች አንዷ ናት። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚገመት የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ሆኖም ብርሃኑ በነፃ ቢገኝም ሰሌዳው፣ ባትሪው፣ ኢንቨርተሩና የገጠማ ሥራው ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለሆነም መሣሪያው ለአንድ ቤተሰብ አዋጭ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በዋናነት ቤቱ የዋናው ኤሌክትሪክ መስመር ተጠቃሚ በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ነው።

ቴክኖሎጂው ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር 10.5 ኪሎ ዋት አቅም ያለው ማመንጫ ተተክሎ ለ300 ያህል አባወራዎች አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለውኃ መሳቢያና ለእህል ወፍጮ ጭምር ውሏል። በኋላም በሰሜን ሸዋ የሬማ መንደር ነዋሪዎች በየቤታቸው በተተከሉ አነስተኛ መሣሪያዎች የመብራት ተጠቃሚ ሆነዋል።

በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለመላው ሕዝብ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ያለመ ሲሆን፣ 65 በመቶው ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመሩ ውጪ ባሉ አማራጮች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል እንዲገለገል ታቅዶ ነበር። ግቡ በተያዘለት ጊዜ አልተሟላም። 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ የመነጨውን ኃይል ተራርቀው ወደ ሰፈሩ የገጠር ቤቶች ለማድረስ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት የቤት ውስጥ የፀሐይ ኃይል ጉዳይ ዛሬም ወቅታዊ ነው።

መስመር ላልደረሰባቸው ቤቶች

ዋናው መስመር ባልደረሰበት አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ለኩራዝ የሚሆን ነጭ ጋዝ፣ ለእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ለተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ የቻርጅ ክፍያ ያወጣል። ወጪው በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወጣ አነስተኛ ይመስላል። ለምሳሌ በሳምንት 50 ብር የሚያወጣ ቤተሰብ በዓመት 2 ሺህ 600 ብር ይከፍላል። ለዚሁ አገልግሎት የሚበቃ አነስተኛ የፀሐይ መብራት 6 ሺህ ብር ቢገዛ፣ ወጪውን በሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይመልሳል። ዕቃው አምስት ዓመት ካገለገለ ቀሪው ጊዜ ለቤተሰቡ ትርፍ ነው። የኩራዝ ጭስ በዓይንና በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ የቃጠሎ አደጋና ተማሪዎች በምሽት የሚያገኙት የጥናት ጊዜ ሲታሰብ ጥቅሙ ከዚህም በላይ ይሆናል።

ችግሩ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል ነው። ይህንን ለማቃለል የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለአስመጪዎችና ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ብድር ሲያቀርብ ቆይቷል። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ ዋጋውን በተንቀሳቃሽ ስልክ በኩል በየዕለቱ በጥቂቱ እየከፈሉ መሣሪያውን የራስ የማድረግ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ተስፋፍቷል።

ቆጣሪ ላላቸው ቤቶች

በከተማ ቆጣሪ ላለው የመንግሥት ሠራተኛ ስሌቱ የተለየ ነው። አንድ ኪሎ ዋት አቅም ያለው ሰሌዳ በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አግኝቶ 25 በመቶው በሙቀት፣ በአቧራና በመሣሪያዎቹ ውስጥ ቢባክን 3.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫል። ይህም በዓመት 1 ሺህ 370 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሙሉ ወጪው 150 ሺህ ብር፣ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ደግሞ 3 ብር ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ከፍጆታ ሂሳብ በሚገኘው ቁጠባ ብቻ ወጪውን ለመመለስ 36 ዓመት ያስፈልጋል። ታሪፉ 6 ብር ቢሆን እንኳ 18 ዓመት ይፈጃል። ቁጥሮቹ የአሰላሉን መንገድ ለማሳየት የተወሰዱ በመሆናቸው ገዢው የራሱን ቢልና የሻጩን ዋጋ ተክቶ ሊያሰላ ይገባል።

በስሌቱ ውስጥ ሦስት ነጥቦች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛው፣ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል በመሆኑ ከመሣሪያው ይበልጥ የሚጠቀመው ብዙ ኃይል የሚጠቀም ቤት ነው። ሁለተኛው፣ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻል የተወሰነ ሲሆን፣ ይህ የቁጠባውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። በአንጻሩ መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የብር ዋጋቸው ጨምሯል። ሦስተኛው፣ ቀን የመነጨ ትርፍ ኃይል ወደ መስመሩ ካልተሸጠ ወይም በባትሪ ካልተጠራቀመ ይባክናል።

ከሁሉም በላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ የአንድ ሰዓት እንጀራ መጋገር የአንድ ኪሎ ዋት ሰሌዳን የሙሉ ቀን ምርት ሊጨርስ ይችላል። በመሆኑም ምጣዱን ለዋናው መስመር ትቶ ለመብራት መቆራረጥ መጠባበቂያ የሚሆን አነስተኛ መሣሪያ መግዛቱ የተሻለ ነው። ለአምስት አምፖሎች፣ ለቴሌቪዥን፣ ለኢንተርኔት ማሰራጫና ለስልክ በምሽት 540 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ይህንንም ባለ 200 ዋት ሰሌዳና ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሊሸፍኑት ይችላሉ። ጥቅሙም በቢል ቅናሽ ሳይሆን ባልተቋረጠ ሥራና ጥናት የሚለካ ነው።

ዕድሜ፣ ጥራትና ጥንቃቄ

የመሣሪያው ክፍሎች ዕድሜ እኩል አይደለም። ጥራት ያለው ሰሌዳ 25 ዓመት ሊያገለግል የሚችል ሲሆን አቅሙ በዓመት ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። የሊቲየም ባትሪ ዋጋው ከፍ ቢልም አሥር ዓመት ሊደርስ ይችላል። የእርሳስ አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ስለሆነም የሻጭን ዋጋ ሲያወዳድሩ የባትሪ መተኪያን አብሮ ማስላት ግድ ይላል።

ይህ ነጥብ ለጤና ኬላዎችና ለትምህርት ቤቶች መሣሪያ ለሚገዙ የሥራ ኃላፊዎችም ይሠራል። መሣሪያው በካፒታል በጀት ወይም በዕርዳታ ተገዝቶ የባትሪ መተኪያና የጥገና ወጪ በመደበኛ በጀት ካልተያዘለት፣ ሰሌዳው ገና ሃያ ዓመት እየቀረው አገልግሎቱ ይቋረጣል። የክትባት ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ጤና ኬላ ይህ የገንዘብ ብክነት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ገጠማውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰሌዳው የዛፍና የሕንፃ ጥላ በማያርፍበት ቦታ፣ ወደ ደቡብ በጥቂቱ አዘንብሎ መተከልና አቧራው በየጊዜው መጠረግ አለበት። የሰሌዳ ምርት በሙቀት ስለሚቀንስ የደጋው ቅዝቃዜ ይረዳል። በሌላ በኩል የክረምቱ ደመና ምርቱን ስለሚቀንሰው መጠኑ በበጋ ሳይሆን በክረምት ምርት ሊሰላ ይገባል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ጣሪያው የጋራ በመሆኑ አስቀድሞ ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር መስማማት ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ከኢንቨርተሩ የሚወጣ ኃይል ወደ መስመሩ ተመልሶ የጥገና ሠራተኞችን ለአደጋ እንዳያጋልጥ መለያ ማብሪያ ማጥፊያው በባለሙያ መገጠም አለበት።

በገበያ ላይ የተጋነነ አቅም የተጻፈባቸው ዕቃዎች ስለሚያጋጥሙ፣ ገዢው በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትና፣ ሕጋዊ ደረሰኝና በአቅራቢያው የጥገና አገልግሎት መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በአጠቃላይ መስመር ላልደረሰበት ቤተሰብ ጥራቱ የተረጋገጠ አነስተኛ የፀሐይ መሣሪያ አዋጭ ግዢ ነው። ቆጣሪ ላለውና ተደጋጋሚ መቆራረጥ ለሚገጥመው ደግሞ በልኩ የተመረጠ መጠባበቂያ ጠቃሚ ነው። የኤሌክትሪክ ቢልን ለማስቀረት ብቻ ሙሉ የቤት ማመንጫ ለመትከል በብድር የሚነሳ የከተማ ነዋሪ ግን የብድሩን ወለድና የባትሪ መተኪያውን ጨምሮ ሳያሰላ ውል ባይፈርም ይመረጣል።