እንሽላሊት ጅራቷን ለምን ትጥላለች?

ግሸን፦ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በአምባሰል ተዳፋቶች ላይ በሚገኙ እርከኖችና የድንጋይ ካቦች መካከል እንሽላሊት ማየት የተለመደ ነው። ድመት ስትዘልባት ወይም ሕፃናት ሲይዟት ብዙ ጊዜ እጅ ላይ የሚቀረው ጅራቷ ብቻ ነው። ጅራቱ መሬት ላይ ሲወራጭ እርሷ ካቡ ውስጥ ገብታ ትሰወራለች።

ይህ በአጋጣሚ የሚደርስ ጉዳት ሳይኾን በተፈጥሮ የተዘጋጀ የማምለጫ ዘዴ ነው።

እንዴት ይለያያል?

በብዙ የእንሽላሊት ዝርያዎች የጅራት አጥንቶች ውስጥ በቀላሉ የሚለያዩ ስስ መሥመሮች አሉ። እንሽላሊቷ ስትያዝ በመሥመሩ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች በኀይል ይኮማተሩና ጅራቱ ይለያል። የደም ሥሮቹ ወዲያው ስለሚጠብቡ ብዙ ደም አይፈስም። የወደቀው ጅራት ነርቭና ጡንቻ ለደቂቃዎች መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ ይወራጫል፤ የአዳኙም ትኩረት ወደ እርሱ ይሳባል።

በሌላው ጊዜ ጅራቱ ሳይወድቅ የሚቆየው ለምንድን ነው? በአቡ ዳቢ የሚገኘው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2022) ባወጡት ጥናት፣ ጡንቻዎቹ በሚገናኙበት ቦታ እንጉዳይ የሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን ምሰሶዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። ምሰሶዎቹ ጅራቱ በቀጥታ ሲጎተት አጥብቀው ይይዙታል፤ ሲታጠፍ ግን ይለቁታል።

ዋጋው ከባድ ነው

ለብዙ እንሽላሊቶች ጅራት የስብ ጎተራ ነው። ምግብ በሚጠፋበት ወቅት የሚኖሩት ከዚያ ካከማቹት ነው። ጅራቷን የጣለች እንሽላሊት ስንቋን ታጣለች፤ ስትሮጥና ስትዘል ሚዛኗን መጠበቅ ይቸግራታል፤ ሌላ አዳኝ ቢመጣባትም የምትጥለው የላትም። አንዳንድ ዝርያዎች አደጋው ሲያልፍ ተመልሰው የጣሉትን ጅራት የሚበሉት ለዚህ ነው።

አዲስ ጅራት ለማብቀል ወራት ሊወስድ ይችላል። አዲሱ በአጥንት ፋንታ እንደ ጆሮ ቅርጽ በሚተጣጠፍ ልም አጥንት የተሠራ ነው፤ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ይለያል። በበቀለው ክፍል ላይ የመለያያ መሥመር ስለሌለ ዳግም ሊቆረጥ የሚችለው ከቀሪው የቀድሞ ጅራት ላይ ነው።

ሌሎችስ?

እስስት ከእንሽላሊት ወገን ብትኾንም ጅራቷን አትጥልም፤ ቅርንጫፍ የምትይዝበት እንደ አምስተኛ እግር ነው። ፌንጣ የኋላ እግሯን ጥላ ታመልጣለች፤ ካደገች በኋላ ግን አይተካላትም። የወንዝ ሸርጣን የጣለውን እግር ቅርፊቱን በቀየረ ቁጥር ቀስ በቀስ ይተካል። በምሥራቅ አፍሪካ ድንጋያማ ቦታዎች የሚኖሩት እሾሃማ አይጦች ደግሞ የጀርባቸው ቆዳ በቀላሉ ተገፎ በአዳኙ አፍ ይቀራል፤ ቆዳው ከነጸጉሩ መልሶ እንደሚበቅል እ.ኤ.አ. በ2012 ኬንያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አረጋግጧል።

ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?

በየቤቱ ግድግዳና በማሳ ዳር የሚታዩት ትናንሽ እንሽላሊቶች ሰውን የሚጎዳ መርዝ የላቸውም። የተቆረጠው ጅራትም ቢወራጭ አይናደፍም። ይልቁንም ፌንጣን፣ ምስጥን፣ ዝንብንና ሌሎች ነፍሳትን እየበሉ ያግዛሉ። ሕፃናት እንሽላሊትን ለጨዋታ በጅራቷ እንዳይዙ መምከር፣ ካብ ሲፈርስና ሲጠገንም ሸሽታ እንድትወጣ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው። ለእኛ የአፍታ ጨዋታ የኾነው ለእርሷ የበጋ ቀለቧን ማጣት ነው።