ቡናችን፣ ባሕሩና ወንበዴዎቹ

ዲላ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር ወንበዴ ማውራት የሥራ ፈት ወሬ ይመስላል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው ያለችው፤ ዙሪያዋ ቡናና እንሰት ነው። መርከብ በዓይኑ ያየ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ብዙ ትደክማላችሁ። እኛም ወሬው ሲነሳ መጀመሪያ ያልነው "ምን አገባን?" ነበር። ግን የጌዴኦ ኑሮ የተንጠለጠለው በቡና ላይ ነው፤ ቡናው ደግሞ የሚሸጠው ባሕር ተሻግሮ ነው። ስለዚህ ያገባናል።

እስቲ አንዱን ጆንያ እንከተለው። ይርጋጨፌ ወይም ወናጎ የተለቀመው እሸት ቡና ተፈልፍሎና ታጥቦ አልጋ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በመኪና አዲስ አበባ ይገባል። ተበጥሮ በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላና 320 ያህል ጆንያ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ታጭቆ ጅቡቲ ይወርዳል። ድሮ አሰብም ነበረችልን፤ በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ በር ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ የሚበልጠው የወጪና ገቢ ንግዳችን በጅቡቲ ሆነ። ከጅቡቲ ወዲያ ወደ ጃፓን የሚሄደው ቡና በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ አውሮፓ የሚሄደው በባብ ኤል ማንደብና በቀይ ባሕር ያልፋል። ወንበዴዎቹ የመጡት እንግዲህ እዚህ ደጃፍ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1991 ነው። የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ሶማሊያ ረጅሙን የባሕር ዳርቻዋን የሚጠብቅላት አጣች። የውጭ አገር መርከቦች ያለ ፈቃድ ዓሣዋን ይዝቁ ጀመር፤ መርዛማ ቆሻሻም ይጣላል የሚል ክስ ተነሳ። አንዳንድ ዓሣ አጥማጆች "ባሕራችንን እንጠብቃለን" ብለው መሣሪያ አነሱ። ጥበቃው ግን ብዙም ሳይቆይ ንግድ ሆነ። ዓሣ ከማጥመድ መርከብ ማጥመድ በለጠ! በ2005 ሰምሎው የተባለችው የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል የጫነች መርከብ ተጠለፈች። የተራበ ወገናቸው የሚጠብቀው እህል ነበር።

አሁን ለእኛ የምትከብደውን ገጽ እንግለጥ። በ2006 አጋማሽ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ደቡብና መካከለኛውን ሶማሊያ ሲይዝ የባሕር ውንብድናን ሐራም ብሎ ከለከለ፤ የወንበዴዎቹ ጎሬ ወደነበረችው ሀራርዴሬም ገባ። ጠለፋውም ቀነሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የኢትዮጵያ ጦር ገብቶ ኅብረቱን አባረረ። መንግሥታችን የዘመተው ለአገር ደህንነት መሆኑን ተናግሯል፤ ያንን ክርክር እዚህ አንጨርሰውም። ነገር ግን ኅብረቱ ከሄደ በኋላ የወንበዴዎቹ ገበያ እንደገና ደራ። የባሕሩ ታሪክ የእኛ ታሪክ አይደለም ለማለት ይህ ብቻውን ያስቸግራል።

2008 ወንበዴዎቹ ዓለምን ያስደነገጡበት ዓመት ነው። መስከረም ላይ 33 ታንክ የጫነችውን ፋይና፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ሁለት ሚሊዮን በርሜል ነዳጅ የያዘችውን ሲርየስ ስታርን ጠለፉ። በ2011 ብቻ የሶማሊያ ወንበዴዎች የሞከሯቸውና ያደረሷቸው ጥቃቶች 237 ሆነው ተመዘገቡ። የዓለም ባንክ ጥናት ከ2005 እስከ 2012 የተከፈለውን ቤዛ ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ታዲያ ይህ ለይርጋጨፌ ገበሬ ምኑ ነው? ወንበዴ መጥቶ ጆንያውን አልወሰደበትም። ግን በግንቦት 2008 የለንደን የመድን ገበያ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ከጦርነት ቀጠናዎች ጋር መደበው፤ በዚያ ለሚያልፍ መርከብ ተጨማሪ አረቦን መጣ። አንዳንድ ድርጅቶች መርከባቸውን በደቡብ አፍሪካ ዞረው እንዲሄዱ አደረጉ። ጅቡቲ ግን እዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ ናት፤ ወደ እኛ የሚመጣ መርከብ የሚዞርበት የለውም። ቡናችን በአብዛኛው የሚሸጠው ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪጫን ባለው ዋጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚከፍለው ገዢው ነው። ደስ የሚል ይመስላል። ገዢው ግን ሞኝ አይደለም፤ የመንገዱን ወጪ አስቀድሞ አስልቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ላኪው ለአቅራቢው፣ አቅራቢው ለገበሬው ያወርደዋል። የመጨረሻው ተቀባይ ደግሞ የሚያወርድበት የለውም። ነዳጅና ሌላው የገቢ ዕቃም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው።

መከላከሉስ? የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2008 በውሳኔ 1816 የውጭ ባሕር ኃይሎች በሶማሊያ የግዛት ውኃ ውስጥ ወንበዴ እንዲያሳድዱ ፈቀደ። በታኅሣሥ የአውሮፓ ኅብረት አታላንታ የተባለውን ዘመቻ ጀመረ፤ ዋና ሥራውም የምግብ እርዳታ መርከቦችን ማጀብ ነበር። ቻይናም በዚያው ወር መርከቦቿን ላከች። በጥር 2009 የአካባቢው አገሮች ጅቡቲ ላይ የትብብር ደንብ ፈረሙ። መርከቦች በአጀብ መሄድ፣ አጥራቸውን በእሾህ ሽቦ ማጠር፣ የታጠቀ ጠባቂ መጫን ለመዱ። ውጤቱ ታየ፤ በ2011 የነበረው 237 ጥቃት በ2013 ወደ 15 ወረደ። ጅቡቲም የጦር ሰፈር አከራይ ሆነች፤ ጃፓን በ2011፣ ቻይና በ2017 ሰፈራቸውን ከፈቱ። እኛስ? በ1950ዎቹ ምጽዋ ላይ ያቋቋምነው ባሕር ኃይል ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ፈርሶ ነበር፤ እንደገና የማቋቋሙ ነገር የተነሳው በ2018 ነው። የቡናችንን መንገድ በእነዚያ ክፉ ዓመታት የጠበቁት ሌሎች ናቸው።

አልቋል ስንል ግን አላለቀም። በመጋቢት 2017 ከጅቡቲ ሞቃዲሾ ነዳጅ የምትወስደው አሪስ 13 ተጠለፈች። በኅዳር 2023 የየመን ሁቲዎች መርከብ ማጥቃት ጀመሩ፤ ባሕር ኃይሎቹ ወደዚያ ሲያዞሩ የሶማሊያ ወንበዴዎችም ተመለሱ። በታኅሣሥ 2023 የጠለፏትን ሩዌን የሕንድ ባሕር ኃይል ከሦስት ወር በኋላ አስለቀቃት፤ 35 ወንበዴዎችም እጅ ሰጡ። ትላልቅ የመርከብ ድርጅቶች ዳግመኛ በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ቡናም ጉዞው ረዘመ።

የጌዴኦ ምድር በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ቡናን፣ እንሰትንና ዛፍን ባንድ ማሳ አስማምቶ የኖረ ሕዝብ ክብር አገኘ፤ ደስ ብሎናል። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ባሕሩ ታወከ። ያ ገበሬ ማሳውን በደንብ ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋልም። ዋጋውን የሚወስነው ግን አይቶት የማያውቀው ውኃ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስኒያችንን ስናነሳ ወሬው ስለ ባሕር ቢሆን አይግረማችሁ፤ የሥራ ፈት ወሬ አይደለም።