ምጽዋት ወይስ ዕዳ

መቀሌን ቁልቁል የሚመለከት እንዳ ኢየሱስ የሚባል ኮረብታ አለ። በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች መሽገውበት ነበር፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃቸው ምንጭ ስለ ተያዘባቸው በጥር ወር በውሃ ጥም ተሸንፈው ምሽጉን ለቀቁ። ይህን ታሪክ ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ «ያ ሁሉ ሠራዊት የበላው እህል ከማን ጎተራ ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በማስተማር ዘመኔ ብዙ አላጋጠመኝም።

መልሱ አጭር ነው፤ ከገበሬው ጎተራ ወጣ። ገበሬው ከብቱን ከጨረሰበት ከክፉ ቀን ከወጣ ያን ጊዜ ገና አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እንደዚያም ሆኖ ወታደሩን ቀለበ፤ ግብሩንም ገበረ። በብዙው አገር ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ዐሥራት ይከፍል ነበር፤ ይህም በዐዋጅ የቀረው በ1960 ዓ.ም. ነው። በግብሩ ላይ የሹማምንት በደል ቢጨመርበት የትግራይ ገበሬ በ1935 ዓ.ም. ዐመፀ፤ ዐመፀኞቹም መቀሌን ከመያዛቸው በፊት የያዙት ይህንኑ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ረጅም ዘመን እህሉ ከገበሬው ወደ መንግሥት ይሄድ ነበር እንጂ ከመንግሥት ወደ ገበሬው የሚመለሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በ1950 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ትግራይን ሲመታ፣ ዕርዳታ የደረሰው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲ ኔት የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ዓላማውም ረሀብ እስኪገባ ከመጠበቅ ይልቅ በየዓመቱ እህል ለሚያንሰው ቤተ ሰብ፣ በችግሩ ወራት አስቀድሞ ገንዘብ ወይም እህል መስጠት ነው። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፤ ኩሬ ይቆፍራል፤ መንገድ ይጠርጋል። አቅመ ደካማው ግን ያለ ሥራ ይቀበላል። በተራቆተ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ምን እንደሚያፈራ ለማወቅ የሚፈልግ በትግራይ ያለችውን አብርሃ ወአጽብሃን ይመልከት፤ ነዋሪዎቿ አፈሩንና ውሃውን በኅብረት ስለ ጠበቁ በ2004 ዓ.ም. የኢኳተርን ሽልማት ተቀብለዋል።

አንዳንድ የከተማ ሰው ይህን ክፍያ ምጽዋት ይለዋል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት በ1925 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ስለ ወደቀ፣ ገበሬዎቹ ከመሬታቸው ከፊሉን ሳያርሱ እንዲተዉ ገንዘብ ከፍሏል። እነዚያን ገበሬዎች ለማኞች ያላላቸው ሰው፣ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የካበውን ገበሬ ስለምን ለማኝ ይለዋል? እኔ እንደማምነው ለገበሬ የሚከፈለው አባቶቻችን ከጎተራው የበሉት ዕዳ ነው።

ዕዳ ከሆነ ደግሞ ከእርሱ የሚሰርቅ ሰው በደሉ ድርብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለትግራይ የተላከ የዕርዳታ እህል ተዘርፎ ለገበያ መውጣቱ ስለ ታወቀ፣ ከጦርነት ገና የወጣው ሕዝብ የምግብ ዕርዳታው ለወራት ተቋረጠበት። የሰረቀው ጠገበ፤ የተቀጣው ግን ያልሰረቀው ነው።

ስለዚህ በሴፍቲ ኔት ሥርዐት የተቀባዮች ስም በአደባባይ እንዲለጠፍ፣ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴም እንዲኖር መደረጉ እንዲያው ለወግ አይደለም። ዝርዝሩን ሁሉ ሰው ካየው፣ የሹም ዘመድ የመበለቲቱን ድርሻ ሊወስድ ያፍራል።

ዛሬ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ አጠገብ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የደረቅ መሬት እርሻ የሚያስተምር ኮሌጅ ነበር። ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል ነገ ይህን ዝርዝር የሚጽፍ፣ ገንዘቡንም የሚቆጥር ይወጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሰምታችኋል። እኔ ግን ሲሾም ዕዳውን በትክክል የከፈለ ሰው ሲሻር ሲቆጨው አላየሁም።