ከፎቶ ቤት እስከ ላይክ

እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። አባቴ በወጣትነቱ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው ነው። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ከኋላው የሚታየው ሐይቅም ጨርቅ ላይ የተሳለ ነው። ፎቶው የተላከለት ዘመድ ሁሉ ይህን ያውቃል። "ኮቱ የማን ነው?" ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እሱም በተራው ያንኑ ኮት ለብሶ ተነስቷላ!

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ሲነሳ "ሰው ሁሉ አስመሳይ ሆነ" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አምሮ ለመታየት መሞከር የቆየ ነገር ነው። አርመኖቹ ቦያጂያኖች ከአፄ ምኒልክ ጀምሮ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድረስ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ንጉሥም ቢሆን ለካሜራ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ መቼ እንደተለወጠም በደንብ ይታወቃል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፌስቡክ መስከረም 2006 ላይ ኒውስ ፊድን ጀመረ። ከዚያ በፊት የጓደኛን ወሬ ለማወቅ ገጹ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ቤቱ ሄዶ እንደመጠየቅ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሰው ሁሉ ነገር እየተለቀመ እኛ ዘንድ ይመጣ ጀመር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ተቃወሙ፤ ኩባንያው ግን ፊዱን አላነሳም። እያደርም ከሚለጠፈው ሁሉ የትኛው ከላይ እንደሚታየን የሚወስነው ማሽን ሆነ። ጨርቅ ላይ የተሳለ ሐይቅ ውሸት መሆኑ በዓይን ይታያል። የማሽኑ ምርጫ ግን አይታይም፤ የመረጠልንን አይተን "ሕዝቡ እንዲህ ነው" እንላለን።

የካቲት 2009 ላይክ መጣ። መጀመሪያ "ኦሰም" ሊባል ታስቦ ነበር አሉ። ቁልፉን ከሠሩት ሰዎች አንዷ ሊያ ፐርልማን ከኩባንያው ወጥታ ሥዕል መሳል ጀመረች። የሥዕሎቿ ላይክ ሲቀንስባት ከዚያው ከፌስቡክ ማስታወቂያ እስከ መግዛት መድረሷን ራሷ ተናግራለች። ሠሪዋን እንዲህ ካደረጋት እኛን ምን ያድርገን?

2010 ላይ ፊት ለፊት የሚያነሳ ካሜራ ያለው አይፎን እና ኢንስታግራም በወራት ልዩነት ተከታትለው መጡ። ስለ እነሱ ብዙ ስለተባለ ልለፈው። ለእኛ የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

2016 ላይ ከላይክ ጎን ልብ፣ ሳቅ፣ ለቅሶና ንዴት ተጨመሩ። በ2021 አፈትልከው የወጡ የኩባንያው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ ማሽኑ እነዚህን ምልክቶች ከላይክ አምስት እጥፍ ይቆጥራቸው ነበር። ንዴትም ጭምር! 2018 ላይ ደግሞ ኮሜንትና ሼር የሚያስነሳ ጽሑፍ ይበልጥ እንዲታይ ተደረገ። ብዙ ኮሜንት የሚያስነሳ ደግሞ ጠብ ነው። የንዴት ምልክት ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው መስከረም 2020 ላይ ነው። ሰነዶቹን ያወጣችው ፍራንሲስ ሃውገን ጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር የማያንማርንና የኢትዮጵያን ስም አንስታለች። ያኔ የእኛ ጦርነት ዓመት ሊሞላው ነበር።

በዚያ ሰሞን ስለ ወፍጮ ቤቶችና ስለ መብራት መቆራረጥ ሦስት ቀን ተሯሩጬ የጻፍኩት ዘገባ አሥራ ሰባት ላይክ አገኘ። በሌላ ቀን ተናድጄ በአሥር ደቂቃ የለጠፍኩት አምስት መስመር በአንድ ሌሊት ከሺህ ጊዜ በላይ ሼር ተደረገ። በሚቀጥለው ሳምንት ቃሉን አከረርኩት። ሲጨበጨብልኝ ደፋር የሆንኩ መሰለኝ። ማንም አላስገደደኝም። (አሁንም ይህን ከለጠፍኩ በኋላ ስንት ሰው እንዳየው ከታች ያለችውን ቁጥር ማየቴ አይቀርም። አልዋሻችሁም።)

ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ አንድ እናት ነበሩ። ብሔራቸው ስልኬ ላይ በየማታው ከሚሰደቡት ነው። እሑድ እሑድ ቡና ሲያፈሉ "ና ልጄ፣ ሁለተኛው ሳያልፍህ" ብለው ይጠሩኛል። አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ስታመም አጥሚት ሠርተው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን አይቻቸው የማላውቃቸውን ሰዎች ጩኸት እያነበብኩ አድሬ፣ ጠዋት በር ላይ ሳገኛቸው "እሳቸውም በልባቸው እንዲህ ያስቡ ይሆን?" እል ጀመር። ሰላምታዬ አጠረ። ሲጠሩኝ "ሥራ አለኝ" አልኩ፣ ደግሜም አልኩ። አንድ ቀን መጥራታቸውን ተዉ።

ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ክፍሉን ሌላ ሰው ተከራይቶት ነበር። ስልካቸውን አልያዝኩም፤ አንድ ግቢ እየኖርን ስልክ ምን ያደርግልናል ብለን ነበር።